አሮጊቷ እንዳትነሳ

ጋራዡ ውስጥ «አሮጊቷ» የምትባል አውቶቡስ ነበረች። በዕድሜ ሁሉንም ትበልጣለች። ቀለሟ ከመላጡ የተነሳ ከሥሩ የቀድሞው ቀለም ይታያል፣ ከእሱም ሥር ሌላ የባሰ ቀለም አለ። ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ ትስላለች፣ ቀጥሎ ጥቁር ጭስ ትተፋለች፣ ከዚያ መላ አካሏ እየተንቀጠቀጠ ሰው እስኪገባባት ትጠብቃለች። የወለሏ ብረት አንድ ቦታ ላይ ዝጎ ተበስቷል፤ በቀዳዳው ስታዩ መሬት ትታያለች። ስምንት ዓመቴ ነበር፣ እወዳት ነበር። አባቴም እናቴም እዚያው ጋራዥ ስለሚሠሩ ከትምህርት ቤት ስወጣ የምገባው እዚያ ነው፤ የቤት ሥራዬን የምሠራው አሮጊቷ ውስጥ፣ ከሾፌሩ ወንበር ጀርባ ተቀምጬ። ደብተሮቼ ሁሉ ናፍጣ ይሸቱ ነበር።

አባቴ ሾፌር ነው፤ አሮጊቷን የሚነዳት እሱ ነበር። እናቴ መካኒክ ነበረች። ያን ዓመት ግን የጋራዡ ኃላፊ ሆነች። «ሆነች» ማለት እንኳን ይበዛል። የቀድሞው ኃላፊ ጡረታ ሲወጣ ስድስት ወር በተጠባባቂነት ትሞከር ተባለ። ስድስቱ ወር ሲያልቅ ሥራ አስኪያጁ አንድ ጠዋት በአካል መጥቶ ያያታል፤ ደስ ካለው ወንበሩ የእሷ ይሆናል፣ ደስ ካላለው ወደ ጉድጓዱ ትመለሳለች። ጉድጓድ የምለው መካኒኮች ከአውቶቡስ ሥር ቆመው የሚሠሩበትን የሲሚንቶ ቦይ ነው። እናቴ የወጣትነት ዕድሜዋን እዚያ ውስጥ አንገቷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ ጨርሳለች፤ ግራሶ ዓይኗ ውስጥ ሲንጠባጠብባት። እንዳትመለስ የማታደርገው ነገር አልነበረም። ቢያንስ እኔ እንደዚያ መስሎኝ ነበር።

ኃላፊ እንደሆነች መጀመሪያ የቀየረችው አወጣጡን ነው። ድሮ የተጠገነ አውቶቡስ በሩ ጋ ይጠጋል፤ ኃላፊው ሻዩን በአንድ እጁ እንደያዘ በሌላው መዳፉ ጎኑን ሁለቴ ይመታዋል፣ ጧ ጧ፣ ሾፌሩም ይነዳል። ሁለት ምት «ጤነኛ ነው፣ ሂድ» ማለት ነው። እናቴ ግን ራሷ መሪ ይዛ ከጋራዡ ጀርባ ያለውን ቁልቁለት ሳትወርድ፣ መሀል ላይ ፍሬን ረግጣ ሳታቆም፣ እጇን አታነሳም። ካልያዘላት ወደ ጉድጓድ። ሾፌሮቹ ይሰለፋሉ፣ ይጠብቃሉ፣ ምራቃቸውን ይተፋሉ። እኔ ደግሞ ከኋላ ወንበር ተቀምጬ አብሬያት እወርድ ነበር። ሆዴ ወደ ላይ ሲመጣ እስቃለሁ። ይህ ሥራ ሳይሆን ለእኔ ተብሎ የተፈጠረ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር።

ሌላው የገረመኝ ነገር ቋንቋቸው ነው። መካኒክ ሳለች ሁሉም «አንቺ» ይሏታል፤ «አንቺ፣ ያን ክሪክ አቀብይኝ»። የቀድሞውን ኃላፊ ደግሞ «እርስዎ» ሲሉት ኖረዋል። አሁን እሷን «እርስዎ» ሊሏት ነው፤ አፋቸው እምቢ አለ። «አንቺ» እንዳይሉ ኃላፊ ናት። «እርስዎ» እንዳይሉ ትናንት ክሪክ ያቀበለቻቸው ሴት ናት። መላ የዘየደው ጋሽ ካቦ ነው። ጋሽ ካቦ የመካኒኮቹ አለቃ ነበር፤ ክብሪት እንጨት ከአፉ አይለይም፣ ወንበሩ ለእኔ ነው ብሎ ሲጠብቅ ኖሮ እናቴ ተቀመጠችበት። እሱ ማንንም ሳይጠራ መናገር ጀመረ።

«እንዴት ታደረ?» ይላታል ጠዋት ጠዋት።

«ደህና።»

«ሻይ ተጠጥቷል?»

«ተጠጥቷል።»

«እንግዲያው የዚችኛዋ ፍሬን ሸራ ይታይልን ነበር።»

በሳምንት ውስጥ ጋራዡ በሙሉ እንደዚያ ማውራት ጀመረ። ይታይ፣ ይሠራ፣ ይፈቀድ። እኔ ትልልቅ ሰዎች ሥራ ቦታ የሚናገሩት ልዩ ቋንቋ መሰለኝና ወደድኩት። ቤት ገብቼ አሻንጉሊቴን «ፊት ይታጠብ! ፀጉር ይበጠር!» እላታለሁ። እናቴ አንድ ቀን ሰማችኝና ወንበር እስክትይዝ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ በአንዴ ቆመ፣ ወደ ማድቤት ገባች።

ባለፈው ወር እኔም የአንድ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ። ዲግሪ አለኝ፣ ቱታ አልለብስም፣ ቢሮዬ ምንጣፍ አለው። በሁለተኛው ቀን ምክትሌ አንገቱን በበሩ አስግጎ «ይቺ ነገር ትታይልን ነበር» አለኝ።

«ማን ይያት?»

ግራ ገባው። «ማለቴ . . . እንድትታይ ነው።»

«ወይ ‹እዪልን› በል፣ ወይ ‹ይዩልን› በል። አንዱን ምረጥና ግባ።»

እስካሁን አልመረጠም። እናቴ ግን በዚህ አትጣላም ነበር። እሷ የምትጣላው በፍሬን ብቻ ነው።

አባቴ መጥፎ ሰው አልነበረም። ይህን የምለው ልከላከልለት አይደለም፤ መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ነገሩ ይቀል ነበር። ሾፌሮቹ የሚያርፉበት ክፍል ውስጥ ዳማ ይጫወታል፣ እኔን ጭኑ ላይ ያስቀምጠኛል። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠጠር ሊያንቀሳቅስ ሲል ፊት ለፊቱ የተቀመጠው ሾፌር ጀመረው።

«ዛሬ ማታ ተራው ያንተ ነው አሉ።»

«የምን ተራ?»

«የፍተሻ ነዋ! ቁልቁል አውርዳ ፍሬንህን ልታየው።»

ክፍሉ በሳቅ ተናጋ።

«ኧረ ተዉት፣ የእሱ የእጅ ፍሬን ከሠርጉ ቀን ጀምሮ እንደተያዘ ነው!» አለ ሌላው ከጥግ።

«ሚጢጢ» አለኝ የመጀመሪያው፤ ጋራዡ ውስጥ የምጠራው በዚህ ነበር፤ «እስቲ አንቺ ፍረጂ። እቤት ማነው መሪ የሚይዘው?»

«እቤት መሪ የለም» አልኩ።

የሳቁ ጩኸት ጆሮዬን ደፈነው። አባቴም አብሮ ሳቀ፤ ፊቱ ግን ጠቁሮ ነበር። ጠጠሩን ያለቦታው አስቀመጠና በአንድ ዝላይ ሦስት ጠጠር ተበላበት። ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ሰጠኝ። «ሂጂ፣ አሮጊቷ ጋ ተጫወቺ» አለኝ። በዳማ ስለተሸነፈ የተናደደ መሰለኝ። ደጅ ወጥቼም ለረጅም ጊዜ እንዴት ያን ጠጠር እዚያ ላይ አስቀመጠው እያልኩ አስብ ነበር።

ሥራ አስኪያጁ ሊመጣ አንድ ቀን ሲቀረው አሮጊቷ ጉድጓዱ ላይ ቆማ ነበር። የግራ የኋላ ፍሬኗ አልይዝ ብሎ እናቴ መልሳታለች። በዚያው ሰሞን ደግሞ ያረጁት አውቶቡሶች ይሸጣሉ የሚል ወሬ ነበር፤ እኔ ትልቁ ሰውዬ የሚመጣው አሮጊቷን አይቶ ትቅር ወይም ትሂድ ሊል ነው ብዬ ጨርሻለሁ። ቀኑን ሙሉ ጨንቆኝ ዋለ። ወንበሮቿን በቀሚሴ ጫፍ ጠረግኩላት። ከዚያ ወለሏ ላይ በሆዴ ተኛሁና በቀዳዳው ወደ ታች አየሁ። የጋሽ ካቦ ክብሪት እንጨት ታየኝ፣ የሁለት ሰዎች ራስ ታየኝ። ሲያወሩ ድምፃቸው በብረቱ በኩል ወደ ደረቴ ይገባ ነበር።

«አሮጊቷ ነገ ከተነሳች አለቀልን» አለ ጋሽ ካቦ። «ሰውዬው አይቶ ከወደዳት እስከ ጡረታችን ልንሸከማት ነው።»

«ታዲያ ምን ይደረግ?»

«እንዳትነሳ ማድረግ ነዋ። ነገን ብቻ። ጎህ ሲቀድ ሰውዬው በሩ ጋ ይቆማል፣ እሷ የለችም። በቃ! ከዚያ ወዲያ ማን ይፈልጋታል?» ወደ አንደኛው ራስ ዞረ። «ይህ ደግሞ ያንተ ሥራ ነው።»

አንድ ሰው ሳለ። ሳሉን አወቅኩት። አባቴ ነው።

«እኔን ለምን ታስገቡኛላችሁ?»

«ከአንተ በቀር አመሏን የሚያውቅ ማን አለ?»

አንድ ቁልፍ ሲሚንቶ ላይ ወድቆ ጮኸ። ማንም አላነሳውም።

«ባትሪዋን ማውጣት ነው» አለ አባቴ በመጨረሻ። «ያለ እሱ አትነሳም።»

«አየህ! እሱን ነው የምልህ!»

«አንድ ቀን ነው ግን። ጉዳት የለውም።»

«የምን ጉዳት? እንዲያውም ታርፋለች። ደክማለች እኮ፣ አታያትም? ወደ ጉድጓዷ ትመለሳለች፣ አንተም እንደ ወንድ ቀና ብለህ ትሄዳለህ።»

ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ ትንሽ።

እናቴንም ከጀርባዋ «አሮጊቷ» እንደሚሏት ያወቅኩት ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። ስሙን ያወጡላት ኃላፊ በሆነች በመጀመሪያው ሳምንት ነበር። ሠላሳ አምስት ዓመቷ ነበር። ቋንቋችን አውቶቡስንም ሴትንም «እሷ» ይላል፤ «አትነሳም» ሲባል የሞተር ይሁን የእንቅልፍ የሚለየው ሰሚው ዓይኑን የጣለበት ነገር ነው። እኔ ያን ሰዓት የምወዳት አውቶቡስ ላይ ተኝቼ ነበር።

አመሻሹ ላይ እናቴ ከጋራዡ ኋላ ያለው ቧንቧ ጋ እጇን ስትታጠብ ሄድኩ። ግራሶው በሳሙና ብቻ ስለማይለቅ ሰጋቱራ ቀላቅላ ታሸዋለች። ምሥጢር ስለያዝኩ ደረቴ ሊፈነዳ ደርሶ ነበር።

«እማዬ፣ አሮጊቷን ነገ እንዳትነሳ ሊያደርጓት ነው።»

«ማነው ያለው?»

«ጋሽ ካቦ። ትልቁ ሰውዬ እንዳያያት። ባትሪዋን ሊያወጡባት ነው።»

«ማነው የሚያወጣው?»

«አባዬ።»

እጆቿ ቆሙ። ውሃው ግን መውረዱን ቀጠለ፤ ሰጋቱራውን ከመዳፏ ላይ እያጠበ ወሰደው።

«አባትሽ ነው ያለው? ወይስ ሌላ ሰው ነው አባትሽ ያወጣል ያለው?»

«አባዬ ነው። ‹ባትሪዋን ማውጣት ነው፣ ያለ እሱ አትነሳም› አለ።»

«ሳቀ?»

ጥያቄው ገረመኝ። «ትንሽ» አልኩ።

እናቴ ቧንቧውን ዘጋች። እጇ ገና ጥቁር ነበር። ቀሚሴን የምትቆልፍልኝ መስላ ተቆልፎ የነበረውን ቁልፍ ፈታ መልሳ ቆለፈችው።

«አትፍሪ» አለችኝ። «ባትሪ ባይኖራትም ቁልቁል ላይ ከቆመች ትነሳለች። አልተማርሽም? ለቀቅ ሲያደርጓት በራሷ ክብደት ትሄዳለች፣ ስትሄድ ሞተሩ ይያዛል።»

ልክ ነበረች፤ ከእሷ ጋር ስወርድ አይቼዋለሁ። ወዲያው ቀለለኝ።

ማታ ቤት ውስጥ እናቴ ለነገ የምትለብሰውን ቱታ ስትተኩስ አባቴ ሬዲዮኑን ነካካው። ኳስ ነበር። ሬዲዮኑ ጮኸ፣ ደከመ፣ ጠፋ። አባቴ ተነስቶ ከአልጋው ራስጌ ላይ የእናቴን መቀስቀሻ ሰዓት አመጣ። ቀይ የፕላስቲክ ሰዓት ነበር፤ ሲጮህ እንደ ዶሮ ስለሚንጫጫ እኔ በጣም እፈራዋለሁ። ከኋላው ከፍቶ ባትሪውን አወጣና ሬዲዮኑ ውስጥ ከተተው።

«የእማዬ ሰዓትስ?» አልኩት።

«ኳሱ ሲያልቅ እመልሰዋለሁ» አለኝ፣ ዓይኑን ከሬዲዮኑ ሳያነሳ።

የሚቃጠል ጨርቅ ሸተተኝ። እናቴ ጀርባዋን እንደሰጠችን ቆማለች፤ ካውያው ቱታው ላይ ቀርቷል።

«እማዬ፣ ተቃጠለ!»

ካውያውን አነሳች። ደረቱ ላይ፣ ከኪሱ በታች፣ የካውያው ጫፍ ቡናማ ሆኖ ታትሟል። እርጥብ ጨርቅ ጣል አደረገችበት፣ አልለቀቀም። አጣጥፋ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው።

«ነገ በጊዜ መነሳት አለብኝ» አለች።

«እ» አለ አባቴ።

«እንቅልፍ ከጣለኝ ቀስቅሰኝ።»

አባቴ የሬዲዮኑን ድምፅ ጨመረ። ከዚያ ቀነሰው። «እሺ» አለ።

ጠዋት የነቃሁት በበሩ ማጠፊያ ድምፅ ነው። ገና አልነጋም። አባቴ ልብሱን ለብሶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በካልሲ ወለሉ ላይ ይሄዳል። ሌላ ቀን እናቴ ቀድማ ትሄዳለች፤ እሱ ያስነሳኝና ጎረቤት አድርሶኝ የሠራተኛ ሰርቪስ ይይዛል። ያን ቀን ግን አላስነሳኝም። እንደነቃሁ ሲያይ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ «እሽሽ» አለኝ፣ ፈገግ ብሎ፣ ወደ እናቴ አልጋ በአገጩ እያሳየ። እናቴ እስከ አንገቷ ብርድ ልብስ ተከናንባለች። ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። ደክማለች፣ ትተኛ ማለቱ ነው ብዬ ሆዴ ሞቀኝ። ሚስቱን ላለመቀስቀስ ብሎ ጫማውን በእጁ የሚይዝ አባት ያለኝ እኔ ብቻ ነኝ ብዬም አሰብኩ። በሩ ተዘጋ። ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ሲያስር ተሰማኝ፣ ከዚያ እርምጃው ራቀ።

«ልብስሽን ልበሺ» አለች እናቴ።

ድምፅዋ የተኛ ሰው ድምፅ አልነበረም። ብርድ ልብሱን ገለጠችው። ቱታዋን ለብሳ ነበር። ደረቷ ላይ የካውያው ቁስል ይታያል። ካልሲዋን ሳይቀር አድርጋ ነበር።

ሮጥን። እሷ እጄን ይዛ፣ እኔ አንዳንዴ እግሬ መሬት ሳይነካ። የሠራተኛው ሰርቪስ ጥጉ ላይ ጭሱን ትቶልን ሄዷል። ባዶ መንገድ ላይ የምንሰማው የእኛን ጫማ ብቻ ነበር። «አሮጊቷ ቁልቁል ላይ ነው የቆመችው?» ብዬ ጠየቅኳት። «ዝም ብለሽ ሩጪ» አለችኝ።

ስንደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። አንድ ኮቱን በትከሻው ላይ ጣል ያደረገ ሰው ደጃፉ ላይ ቆሟል፤ ከጎኑ ጋሽ ካቦ፣ በአንድ እጁ ሻይ። የመጀመሪያዎቹ አውቶቡሶች ወጥተው ሄደዋል። አንዱ እያለፈ ነው፤ ጋሽ ካቦ ጎኑን በመዳፉ መታው፣ ጧ ጧ። ከኋላው አሮጊቷ ተራዋን ይዛ ቆማለች፣ ሞተሯ አልተነሳም። አባቴ መሪው ላይ ነው። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ ያቃስታል፣ ይሞታል። ያዞራል፣ ያቃስታል፣ ይሞታል። ባትሪዋን አውጥቶባታል አልኩ በልቤ።

ከዚያ ሳለች። ጥቁር ጭስ ተፋች። መንቀጥቀጥ ጀመረች።

የእናቴን እጅ ለቀቅኩና ወደ ፊት ሮጥኩ። «ተነሳች!» ብዬ ጮኽኩ፣ ባለኝ ጉሮሮ በሙሉ። «አሮጊቷ ተነሳች! ጋሽ ካቦ፣ አሮጊቷ ተነሳች!»

ሁሉም ዞሩ። እኔን አላዩም፤ ከእኔ ኋላ፣ ደረቱ የተቃጠለ ቱታ ለብሳ ትንፋሿ የተቆራረጠውን ሴት ነው ያዩት። አንዱ በአፍንጫው ፈነዳ፣ ሌላው ተከተለ፣ ከዚያ ጋራዡ በሙሉ ሳቀ። ጎማ የሚጠግነው ሰውዬ ጎማው ላይ ቁጭ አለ፣ እንባውን እየጠረገ። እኔም ደስታዬን የተካፈሉኝ መስሎኝ አብሬ ሳቅኩ፣ ዘለልኩ።

«ምንድን ነው ነገሩ?» አለ ሥራ አስኪያጁ።

«ምንም አይደል ጌታዬ፣ ልጅ ናት» አለ ጋሽ ካቦ። ክብሪት እንጨቱን ከአፉ አወጣ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞረና፣ «ነይ፣ ነይ ግቢ! ምነው፣ እንቅልፍ ጣለሽ እንዴ?» አላት።

«ነይ» አላት። «ጣለሽ» አላት። ከስድስት ወር በኋላ አንደበቱ ተፈታ። ታረቁ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ።

እናቴ አሮጊቷ ፊት ሄዳ ቆመች። «ይህቺ አትወጣም» አለች። «የግራ የኋላ ፍሬኗ አይይዝም። ገና አልፈተሽኳትም።»

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ። «የመፈተሻው ጊዜ መቼ ነበር? አንቺ እስካሁን የት ነበርሽ?»

እናቴ ቀና ብላ በመስታወቱ በኩል አባቴን አየችው። እሱ መሪውን በሁለት እጁ ይዟል። አንድ ቃል ብትናገር ይበቃ ነበር። ባትሪ ብትል፣ ሬዲዮ ብትል፣ ጋሽ ካቦ ብትል።

«አልተቀሰቀስኩም» አለች።

«ኃላፊ ቀስቃሽ ይፈልጋል እንዴ?» አለ ሥራ አስኪያጁ፤ ቀልዱን ራሱም ወደደው መሰለኝ፣ ሌሎቹ እስኪስቁለት ጠበቀ። ሳቁለት። «በሉ ይውጣ፣ ሕዝብ ፌርማታ ላይ ቆሟል። አንቺም ከመንገዱ ዞር በዪ።»

እናቴ ዞር ከማለቷ በፊት ጥቂት ቆየች። ጋሽ ካቦ መዳፉን አነሳና አሮጊቷን ሁለቴ መታት። አባቴ ማርሽ አስገባ። ስታልፍ እጄን አውለበለብኩለት፤ ፊት ለፊቱን ብቻ እያየ ነዳ።

ይህን ታሪክ ስናገር ሰዎች አሮጊቷ ያን ቀን ትገለበጣለች ብለው ይጠብቃሉ። አልተገለበጠችም። ቀኑን ሙሉ ሰው ስታወርድ ስትጭን ውላ ማታ በሰላም ገባች፤ «አያችሁ፣ ያ ሁሉ ፍተሻ ለከንቱ ነበር» ተባለ። በሳምንቱ ወንበሩ ለጋሽ ካቦ ተሰጠ። ቁልቁለቱ ላይ ሣር በቀለ። እናቴ ወደ ጉድጓዱ ወረደች፣ እኔም ከሰዓት በኋላ በወለሉ ቀዳዳ አያት ነበር። «አንቺ፣ ያን ካቻቢቴ» ሲሏት ታቀብላለች። ድሮ እንደነበረው ስለሆነ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያ የሥራ ቦታ ቋንቋ ግን ከጋራዡ መጥፋቱ ቅር አለኝ።

አልጠፋም፤ እኛ ቤት መጣ። አባቴ እናቴን በምን እንደሚጠራት የጠፋው ያን ሰሞን ነው። «እራት ይበላል?» ይላል፣ ወደ ግድግዳው እያየ። «ይበላል» ትላለች። «ሸሚዝ ታጥቧል?» «ታጥቧል።» አልተፋቱም። ይህንንም ሰዎች ይጠብቃሉ። ሰዓቱ ውስጥ አዲስ ባትሪ የገባው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፣ ያስገባሁትም እኔ ነኝ፣ ለትምህርት ቤት።

ኃላፊ የሆንኩ ሰሞን ልነግራቸው ሄድኩ። አባቴ ሌላኛው ክፍል ውስጥ ሬዲዮ ያዳምጥ ነበር፤ ጆሮው ስለደከመ ቤቱ በሙሉ ይጮሃል። እናቴ «ጎሽ» አለችኝ፣ ከዚያ እጄን አየችው፤ ንጹሕ ነበር። የምክትሌን ነገር ነገርኳት። አልሳቀችም። እኔም ያን ጊዜ ስንት ዓመት ይዤው የኖርኩትን ጥያቄ አወጣሁት። እንደ እሷ ትዕግሥት የለኝም፤ ራሷ እስክትነግረኝ ልጠብቅ አልቻልኩም።

«እማዬ፣ ያን ጠዋት ነቅተሽ ነበር። ቱታሽን ለብሰሽ ነበር። ለምን ቀድመሽ አልሄድሽም?»

«የቱን ጠዋት?»

«የቱን እንደሆነ ታውቂያለሽ።»

ከወዲያኛው ክፍል አባቴ «ሻይ ይፈላል?» ብሎ ተጣራ። «ይፈላል» አለች፣ ሳትነሳ።

«ቀስቅሰኝ ብዬው ነበር» አለችኝ ከዚያ። «እሺ ብሎኝ ነበር።»

«ባትሪውን ሲያወጣ እያየሽ!»

«ባትሪውን ያወጣው ማታ ነው። ማታ ከእነሱ ጋር ውሎ መጥቶ ነው። ጠዋት ግን ብቻውን ነው፤ እኔና እሱ ብቻ ነን። ሐሳቡን ይለውጣል አልኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማውን ያደርጋል፣ ከወለሉ ጋር ሲያማታው ይጠራኛል አልኩ። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የሚያደርገው፣ ወለሉን ሳይረግጥበት ጫማ አይገባለትም።»

«እና?»

«የጫማውን ድምፅ ስጠብቅ በሩ ተዘጋ።»